ወፍጮው ዝም ያለበት ክረምት

እኔ ወሬ አላበዛም እላለሁ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ዕድሜዬን ሞተር አጠገብ የኖርኩ ሴት ነኝና ካልጮህኩ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የማጫውታችሁ ወፍጮዬ ዝም ስላለበት ክረምት ነው። ታሪኩ የአንድ ቀን ነው፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በፊት የነበርኩት ሴትዮ አይደለሁም።

ተወልጄ ያደግሁት ጎሬ ነው። አያቶቼ ከመንዝ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። ባለቤቴ መኩሪያ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጎሬ ውስጥ በአንድ ነጋዴ የቡና መፈልፈያ ሞተር ሲያንቀሳቅስ እጁን የፈታ ሰው ነበር። ከተጋባን በኋላ ከመቱ ወደ ሶር ፏፏቴ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ በምትገኝ ትንሽ መንደር የናፍጣ ወፍጮ ተከልን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቡና ነው፤ ከቡናው ወዲያ ጫካ፣ ከጫካው ወዲያ ደግሞ ገደሉ። ክረምት ሲሆን ፏፏቴው ከገደሉ ውስጥ ሌት ተቀን ያጉረመርማል። ለእንግዳ ያስፈራል፤ እኛ ለምደነዋል።

የናፍጣ ወፍጮ ባለበት አገር የኖረ ሰው የምለው ይገባዋል። ጭሱ በሚወጣበት ቧንቧ ጫፍ ላይ ጣሳ ይገጠማል። ጭሱ ጣሳውን እየመታ ሲወጣ “ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ” ይላል፤ ድምፁ ከማዶ ማዶ ይሰማል። “ዛሬ ወፍጮው ይሠራል፣ እህላችሁን ይዛችሁ ኑ” ማለት ነው። ጣሳ የሌለው ወፍጮ ደወል እንደሌለው ቤተ ክርስቲያን ነው ይል ነበር መኩሪያ። የእኛን ጣሳ ቀጥቅጦ የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ ድምፁም ከሌሎቹ ወፈር ይላል። በቆሎ የተሸከመች ሴት ገና ከሩቅ ስትሰማው “ይሄ የመኩሪያ ነው” ትላለች።

መኩሪያ በድንገት ሞተብኝ። በለቅሶው ሰሞን ወፍጮው ቆመ። ድንኳኑ እንኳ ሳይነሳ ኦቦ ተርፋሳ መጡ። ኦቦ ተርፋሳ በጫካው ዳር የሚኖሩ፣ ንብ በማነብ የሚተዳደሩ፣ አፋቸው ቁጥብ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። አጠገቤ ተቀመጡ። ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ “ዘነበች፣ ወፍጮው መቼ ነው የሚነሳው?” አሉኝ።

ደሜ ፈላ። እኚህ ሰው አንድ ቀን እንኳ እህል ይዘው መጥተው አያውቁም፤ የምታስፈጨው ምራታቸው ጫልቱ ናት። የባሌ መቃብር ሳይደርቅ ስለ ወፍጮ ይጠይቁኛል? ፊቴን አዞርኩባቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬ ከጥርሴ አያልፍም ነበር።

ሞተሩን ራሴ ማንቀሳቀስ ተማርኩ። ሴት ሞተር አታስነሳም ያሉኝን ሁሉ እህላቸውን ፈጭቼ ዱቄታቸውን አስታቀፍኳቸው። ግቢዬ ተራ በሚጠብቁ ሴቶች ይሞላል። ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ከማን ልጅ ጋር እንደታየ የምሰማው እዚያ ነው። ልጄ ሄለን አዲስ አበባ ሥራ ይዛ፣ አግብታ፣ ወልዳ ስትቀር ብዙ ያልከፋኝ ለዚህ ነው። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ግቢዬ ውስጥ ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከዚያ መብራት ገባ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። አምፖሉ ቦግ ያለ ለት ከሁሉም በላይ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎልማሳ ዋናው መንገድ ዳር የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተከለ። ማብሪያውን ጫን ማድረግ ነው፤ ይነሳል። ናፍጣ አይሸት፣ አይጮህ፣ ዱቄቱ የላመ፣ ዋጋውም ቀነስ ያለ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚሉት ይሄ ነው። መጀመሪያ ወጣቶቹ ቀሩብኝ፤ ቀጥሎ ጎረቤቶቼ፤ በመጨረሻ አበ ልጄ ሳትቀር። አልፈርድባቸውም። እኔስ ብሆን ምን ላደርግ ኖሯል?

ከገቢው ይልቅ የጎዳኝ ሌላ ነው። ሴቶቹ እህል ተሸክመው በበሬ ሲያልፉ እኔን ማየት ያፍራሉ፤ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። እኔም እንዳያፍሩ ብዬ በሬን መዝጋት ጀመርኩ። ባል የሞተባት ሴት ድንኳን ይጣልላታል፣ ንፍሮ ይቀቀልላታል። ወፍጮ ለሞተባት ሴት ማን ያለቅሳል? ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ የምውልበት ጊዜ መጣ። ማታ ሬዲዮ ከፍቼ ለሚያወራው ሰውዬ መልስ እሰጠዋለሁ።

ሄለን ሁሌ ትደውላለች። “እማዬ፣ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ? ነይና ልጆቹን ያዥልኝ፤ ለአንቺም ሰው ይሆኑሻል።” በመጨረሻ እሺ አልኳት። ካሣሁን ለሚባል የመቱ አሮጌ ብረት ነጋዴ ሞተሩን ከነዕቃው ሸጥኩለት። መኪናውን ይዞ ሊወስደው ሲመጣ እኔንም ጋቢና አስቀምጦ መቱ መናኸሪያ ሊያደርሰኝ ተስማማን። ሻንጣዬን አሰርኩ። የሸኘኝ ሰው አልነበረም፤ የነገርኩትም ሰው አልነበረም።

ካሣሁን የመጣው በሰኔ መጨረሻ፣ ጉሙ መሬት ላይ በተኛበት ጠዋት ነው። የኛን አገር ጉም ያላየ ሰው ጉም አየሁ አይበል። አጥሬ አይታየኝም፤ ቡናው አይታየኝም። ካሣሁንና ሁለት ጫኞቹ ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ቺንጋውን ፈቱት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ደፉት፣ የጭሱን ቧንቧ ከነጣሳው ነቅለው መኪናው ላይ ከሌላው ቁርጥራጭ ብረት ጋር ወረወሩት። ጣሳው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ቃጭል አለ። ዞር ብዬ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

የመሠረቱን ብሎኖች መፍታት እንደጀመሩ ጫልቱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች፤ የኦቦ ተርፋሳ ምራት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

“አዴ ዘነበች፣ አማቴ እዚህ አልመጡም?”

“እኔ ጋ ምን ሊያደርጉ? ምነው?”

“ትናንት ጠዋት ቀፎ ሊያዩ ወጡ። ንፋስ ዛፍ ጥሏል ብለዋቸው ነው። እስካሁን አልገቡም። ወንዶቹ ማታም ሲፈልጉ ነበር፣ ዛሬም ወጥተዋል። ይጣራሉ፤ ግን ፏፏቴው ድምፅ ይበላል።”

“ኦቦ ተርፋሳ ጫካውን እንደ ጓሯቸው አይደል እንዴ የሚያውቁት?”

“ያውቁ ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እንደዚያም ሆነው ይወጡ ይገቡ ነበር። ዘንድሮ ግን ምን እንደነካቸው እንጃ። በቀደምም መሽቶባቸው በሰው እጅ ነው የገቡት። ‘ጫካው ዞረብኝ፤ አገሩ ዝም ብሏል’ ይላሉ። ጃጁ ብለን ሳቅን።”

አገሩ ዝም ብሏል። ይህን ስሰማ የለቅሶው ቀን አጠገቤ ተቀምጠው የጠየቁኝ ጥያቄ መጣብኝ፤ ወፍጮው መቼ ነው የሚነሳው? እህል ይዘው መጥተው የማያውቁ ሰው ያን ያህል ምን አስጨነቃቸው እያልኩ ስንት ጊዜ ተብሰክስኬያለሁ። ለካ ሰውዬው የሚፈልጉት ዱቄት አልነበረም። ጫካ ውስጥ ሆነው መንደሩ በየት በኩል እንደሆነ የሚነግራቸው የእኔ ወፍጮ ነበር። እኚያ ቁጥብ ሰው ደግሞ ይህን አብራርተው አይናገሩ፤ እኔም አልጠየቅኋቸው።

“አቁሙ” አልኩ።

ካሣሁን ቀና አለ። “ምነው እትዬ?”

“ሞተሩን ላስነሳው ነው።”

“ምን ሊፈጩበት?”

“ምንም።”

ነገሩን አስረዳሁት። ጢሙን እያሻሸ ሰማኝ። “እትዬ፣ አይቀየሙኝና ይሄ ሞተር እኮ ተሸጧል። ዝናቡ ከቀደመን ይህ መንገድ መኪና አያሳልፍም። ደግሞ ሰውዬው መስማታቸውን በምን አወቁ? ምናልባት…” ጫልቱን አየና ዋጠው።

“የሸጥኩልህ ብረቱን ነው፤ ድምፁን አልሸጥኩልህም። ዛሬን ተውልኝ።”

የጫልቱን ጭቃ የለበሱ እግሮች አየ። ከዚያ ወደ ጫኞቹ ዞሮ፣ “ቱቦ አምጡ” አላቸው። በእኔ በርሜል ውስጥ የቀረችው ናፍጣ ለምንም አትበቃም ነበር፤ ከራሱ መኪና ታንከር በአፉ ስቦ ቀዳልኝ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ሰው ክፉ ሲወራ ብሰማ ዝም አልልም።

ጫልቱ የማቀዝቀዣውን ውሃ ከጉድጓድ እየቀዳች ሞላች። እኔ መዘወሪያውን ያዝኩ። ካሣሁን “እኔ ልሞክር” ቢለኝ፣ “ጠባዩን አታውቀውም፤ ክንድህን ይሰብርሃል” አልኩት። ሞተሩ ከተነሳ ወራት አልፎታል፤ ብረቱ በረዶ ሆኗል። አዞርኩት። አንድ ጊዜ አክ ብሎ ዝም አለ። ደግሜ አዞርኩ፤ አሁንም ዝም። ቱቦው አየር ይዟል ብዬ ፈትቼ አስተነፈስኩት። ጨርቅ ናፍጣ ነክሬ ለኮስኩና አየር በሚስብበት በኩል ያዝኩለት፤ መኩሪያ በክረምት እንደሚያደርገው። ጉልበቴ አልቆ ነበር። በልቤ “መኩሪያ፣ ዛሬ እንኳ አታሳፍረኝ” አልኩ። ካሣሁን ከጎኔ መጥቶ እጁን ከእጄ ጋር ደረበ። አብረን አዞርነው።

ያዘ። ወፍጮ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጥቁር ጭስ ሞላው። ግን ድምፁ ድምፅ አይደለም፤ ፍፍ፣ ፍፍ ይላል። ጣሳው የለም። “ቧንቧው!” ብዬ ጮህኩ። አንደኛው ጫኝ መኪናው ላይ ወጥቶ ከብረቱ ሥር ሲበረብር ዘመን የቆየ መሰለኝ። አገኘውና ወረወረልን። እየተንቀጠቀጠ ትኩስ ጭስ በሚተፋ ሞተር ላይ ቧንቧ መግጠም ምን ማለት እንደሆነ የእጄ ጠባሳ ይናገራል።

ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ።

ከወራት በኋላ ስሰማው ከአንጀቴ አለቀስኩ። እሱ ራሱ መኩሪያ ተነስቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገባና ሄደ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ብሎኖቹ ስለላሉ ሞተሩ ይዘላል፤ ጫኞቹ እንጨት እየሰገሰጉ ያዙልኝ። ድምፁን የሰሙ ሴቶች አንድ በአንድ መጡ። እትዬ አልማዝ የምትባል ጎረቤቴ በቆሎዋን ተሸክማ መጣችና፣ “ተነሳ እንዴ?” አለች። ጫልቱ ነገረቻት። ጆንያዋን አውርዳ በላዩ ላይ ተቀመጠች። ግቢዬ እንደ ድሮው ሞላ፤ ዛሬ ግን ወሬ የለም። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ወደ ቡናው አቅንቶ ያዳምጣል። ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ግቢዬን ሞልቶ ሳየው ደስ አላለኝም፤ ሰው መሃል ተቀምጬ ብቸኝነቱ ባሰብኝ። እኔ ብቻ ነበርኩና የማውቀው፤ ያ ሽማግሌ ለወራት እየዞረበት እየገባ፣ እኔ በሬን ዘግቼ ለሬዲዮ መልስ እሰጥ ነበር።

እኩለ ቀን አለፈ። ፈላጊዎቹ ተመለሱ። የጫልቱ ባል ፊቱ ጠቁሮ ነው የመጣው። “ዱካቸውን አየን” አለ። “ወደ ገደሉ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ድንጋይ ነው፤ ዱካ የለም።” ጫልቱ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። ማንም አላነሳትም።

ናፍጣው ወደ ማለቁ ነበር። ካሣሁንን አየሁት፤ አየኝ። ቱቦውን ይዞ ሄዶ ከመኪናው ቀዳልኝ። “መቱ የምታደርሰኝን ያህል አስቀርቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን የለኝም” አለኝ ጆሮዬ ላይ። ራሴን ነቀነቅኩ። ዝናቡም ማካፋት ጀመረ።

መጀመሪያ ያየቻቸው አልማዝ ናት። እጇን ወደ ቡናው ዘረጋች። ኦቦ ተርፋሳ ከቡናው መሃል ወጡ። ከራስ እስከ እግር በስብሰዋል፤ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ የቆረጡትን እንጨት ተደግፈዋል። ልጃቸው ሮጦ ሊይዛቸው ሲል በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ቀጥ ብለው ወደ ወፍጮ ቤቱ መጡና መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ግድግዳው ከሞተሩ ጋር ይንቀጠቀጣል።

“ገሌራ” አሉ በኦሮምኛ። ቤቴ ገብቻለሁ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው በደንብ አያየኝም፤ ግን የት እንደቆምኩ ያውቃሉ። ተቆጥተዋል። “ትናንት ለምን ዝም አልሽ?” አሉኝ። “ዓመቱን ሙሉ ዝም አልሽ። አንቺ ዝም ስትይ እኔ በየት ልግባ?”

ሞተሩን አጠፋሁት። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ ሰማሁ፤ ወይም የራሴን ነው።

ጫልቱ ትኩስ ነገር ካጠጣቻቸው በኋላ የሆነውን ነገሩን። ጉሙ ሲወርድ የፏፏቴውን ድምፅ ከኋላ አድርገው ሊሄዱ ሞከሩ፤ በጉም ውስጥ ግን ፏፏቴው ከየአቅጣጫው ነው የሚሰማው። ሲመሽ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጠዋት ተነስተው ወደ መንደር ነው ብለው ወደሚያስቡት መሄድ ጀመሩ። “ወደ ፊት እየሄድኩ ነበር” አሉ። “ድምፅሽ ከጀርባዬ መጣ። ቆምኩ። እንጨቴን ወደ ፊት ብሰድ መሬት አጣሁ።”

ጫልቱ ክንዳቸውን ጨብጣ ያዘች።

ካሣሁን ሞተሩን ጫነ። እንዲተወው አልጠየቅሁትም፤ ቃል ቃል ነው። ደግሞስ ምን አደርገዋለሁ? የናፍጣ ወፍጮ ዘመኑ አልፏል፤ ባዶ ሞተር እያስነሳ የሚኖር ሰው የለም። ጣሳውን ብቻ አስቀረሁ። የጋቢናውን በር ከፍቶ “እትዬ፣ ይግቡ እንጂ” አለኝ። “አንተ ሂድ” አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ከሳምንታት በኋላ በዚያ መንገድ ሲያልፍ የአሮጌ መኪና ቸርኬ አምጥቶ በሬ ላይ አወረደልኝ። “ብረት ነው፤ ግን ድምፅ አለው” ብሎኝ ሄደ።

ቸርኬውን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ጉም በወረደ ቁጥር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብረት ይዤ እወጣና እመታዋለሁ። ኦቦ ተርፋሳ ከጫካ ሲመለሱ በጓሮዬ በኩል ያልፋሉ። አይገቡም፤ አይቀመጡም። ከአጥሩ ውጭ ሆነው “ገሌራ” ይሉኛል፤ እኔም “እሰይ፣ ደህና ገቡ” እላለሁ። ንግግራችን ይኸው ነው። ቀስ በቀስ እንጨት የሚለቅሙ ሴቶችም፣ ቡና የሚጠብቁ ሰዎችም ለቀልድ ሲያልፉ “ገሌራ” ማለት ለመዱ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መብራት ይጥፋ የምል እንዳይመስላችሁ። እህሌን የማስፈጨው እዚያው መንገድ ዳር ካለው ወፍጮ ነው፤ ባለወፍጮውም ጨዋ ነው። የናፍጣ ጭስ የጠጣውን ሳንባዬን ስላሳረፈልኝ እግዜር ይስጠው። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአካባቢያችሁ አሮጌ ነገር ሲነቀል፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ ከሥራ ውጭ ስትሆኑ፣ ሥራው ዱቄት ብቻ ነበር ብላችሁ አትደምድሙ። እኔ ለማንም የማልጠቅም መስሎኝ በሬን የዘጋሁት፣ አንድ ሰው ጫካ ውስጥ ቆሞ እኔን በሚያዳምጥበት ሰዓት ነው። ሰውም ባልተለመደ ቦታ ያልተለመደ ጥያቄ ሲጠይቃችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት “ምነው?” በሉት። እኔ ይህችን አንዲት ቃል ባለማለቴ ስንት ዘመን ተኮራርፈን ኖርን።

ኦቦ ተርፋሳ ባለፈው በጋ አረፉ። በአልጋቸው ላይ፣ በልጆቻቸው መሃል። ቀብራቸው ላይ ከምራታቸው ቀጥሎ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ክረምቱ ሲገባ ሄለን ደወለች። “እማዬ፣ አሁን ምን ቀረሽ?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምን ቀረኝ? ሻንጣዬን እንደገና አሰርኩ። በማግስቱ ልሄድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። ልማድ ሆኖብኝ ብረቴን ይዤ ወጣሁና ቸርኬውን መታሁ። ትንሽ እንደመታሁ፣ ለማን ነው የምመታው ብዬ እጄን አወረድኩ። ጉሙ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። እንደገና ብቻዬን መሆኔን አወቅሁት።

ከዚያ ከቡናው ወዲያ፣ አንዲት ሴት በማላውቀው ድምፅ፣ “ገሌራ!” አለች። የእግሯ ኮቴ ሲያልፍ ሰማሁ፤ አላየኋትም። ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ገባሁና ሻንጣዬን ፈታሁ።